ጥቁሩ ክብ

ሆሳዕና ከተማ አካባቢ ገበሬው ከጎጆው አጠገብ ቆርቆሮ ቤት ለመሥራት መሠረት ሲያስቆፍር፣ እኔ ለቅርስ ጥናት ከቦዩ አፋፍ ቆሜ አፈሩን አያለሁ። መንገደኛው «ወርቅ ወጣ?» ይለኛል። እኔ የምጠብቀው የአፈሩ ቀለም የሚለወጥበትን ቦታ ነው።

ገልና ባልጩት ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባሉ። ግን ባልጩት ብቻውን ዕድሜ አይናገርም፤ በሐዲያና በጉራጌ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በባልጩት ሲፍቁ ኖረዋል። የወደቀበትን የአፈር ንጣፍ ካላወቅኩ በእጄ ያለው ስለታም ድንጋይ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ቀዩ አፈር ላይ ጥቁር ክብ ወጣ፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እንዲህ ያለውን «የቆሻሻ ጉድጓድ ነው፣ ቀጥሉ» ብዬ አሳልፌ ነበር። የቆጮ ጉድጓድ ሊሆን ይችል ነበርና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቆጮ የሚሠራበት እንሰት የሚተከለው ከአሚቾው፣ ማለትም ከሥር ግንዱ፣ በሚወጣ ችግኝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሳያብብ ይቆረጣል። ስለዚህ ቁፋሮ ላይ ፍሬውም የአበባ ብናኙም እምብዛም አይገኝም። ይህን ሁሉ ሕዝብ ያኖረ ተክል ታሪኩን ከተወባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ቆጮው የተቀበረበት ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ የሚለበሰው በእንሰት ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ ሲበሰብስ በውስጡ የነበሩት ደቃቅ የሲሊካ ቅንጣቶች አፈሩ ውስጥ ይቀራሉ፤ በማይክሮስኮፕም ይለያሉ።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ባለበት እንዲጠብቀው ያዛል። ትክል ድንጋይ ቢሆን ማንም ያሳውቃል። ጥቁር አፈር አየሁ ብሎ ቢሮ የሚሄድ ግን ማን አለ?

ቆፋሪዎቹን አስቁሜ የቤቱን እመቤት አስጠራሁ፤ ቆጮ የሴቶች ሥራ ነውና ጉድጓዱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ቁልቁል አዩ።

«ይኼማ የአማቴ ነው፣ ልጄ። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ እዚህ ነበር የምንቀብረው።»

ጠርዙን በቢላዋ ጫፍ ቀስ ብዬ ፋቅኩት። ከጥቁሩ ሥር፣ ትንሽ ወደ ጎን ያለ ሌላ ክብ ታየ፤ ግራጫ፣ ጠንከር ያለ፣ የላይኛው ጉድጓድ ግማሹን የቆረጠው።

«ይኼኛውስ፣ እማማ?»

ጎንበስ ብለው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት። «እሱን አላውቀውም» አሉ።

ቆፋሪዎቹ ወደ ሌላው ማዕዘን ዞሩልኝ። ክቦቹን ለክቼ ሣልኩ፣ ከግራጫው ወለል አንድ እፍኝ አፈር በፌስታል ቋጠርኩ። እሳቸው እስክጨርስ ከአጠገቤ አልሄዱም።