በስምንት የተከፈለ ገበታ፦ የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ

አራት ኪሎ የሚገኘው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲመሠረት ለአታሚ ፊደል ማለት እርሳስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለምን ፊደላት በቁጥር ከሚመዘግበው የኮምፒውተር መስፈርት ከዩኒኮድ 3.0 ጋር የወጣው የኢትዮጵያ ፊደል ሠንጠረዥ እያንዳንዱን ሆሄ ቁጥር አደረገው። ብዙ እጅ ያረፈበት፣ ጥቂቶች ብቻ ገልጠው ያዩት፣ በስልኩ አማርኛ የሚጽፍ ሁሉ ግን የሚገለገልበት ሥራ ነው። እንደ ማንኛውም ድርሰት አወቃቀሩም ቋንቋውም ሊመረመር ይገባዋል።

ትልቁ ውበቱ አወቃቀሩ ነው። «ሀ» 4608 ቁጥርን ይዛ ትጀምራለች፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የሆሄ ቤተሰብ ስምንት ቦታ አለው፤ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላሉት። «ለ» 4616 ናት፤ «ላ» 4619። የሆሄውን ቁጥር ለስምንት ብናካፍል ድርሻው ቤተሰቡን፣ ቀሪው አናባቢውን ይነግረናል፤ ቀሪው ዜሮ ከሆነ ግዕዝ፣ ሦስት ከሆነ ራብዕ። የ«ቈ» ቤተሰብ ካዕብና ሳብዕ ስለሌለው ቦታቸው ባዶ ተትቷል። ባዶውን ለመሙላት አለመቸኮላቸው የሠሪዎቹን ብስለት ያሳያል፤ ጥቂት ቦታ ለመቆጠብ ሆሄያቱን ቢያጠጋጉ ኖሮ ሥርዓቱ በሙሉ ይናጋ ነበር። «ሀ»ን፣ «ሐ»ንና «ኀ»ን ለየብቻ ማስቀመጣቸውም ትክክል ነው። አማርኛ ድምፃቸውን ቢያመሳስልም የግዕዝ ቋንቋ ይለያቸዋል፤ አንዴ የተዋሐደን መልሶ መለየት ደግሞ አይቻልም።

ቋንቋው ግን ከአወቃቀሩ ያንሳል። ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ እያልን ያደግንባቸው መጠሪያዎች በሠንጠረዡ የሉም፤ በምትካቸው በላቲን ፊደል የተገጣጠሙ ባዕድ ስሞች ተመዝግበዋል። በዩኒኮድ ደንብ አንዴ የጸደቀ ስም አይለወጥምና ጉድለቱ ዘላቂ ነው።

በመረጃ ንድፈ ሐሳብ ሚዛን ስናየው ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ኋላ በኤም.አይ.ቲ. ፕሮፌሰር የሆነው ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት መልእክትን በቢት ለካ፤ ደጋግሞ ለሚመጣ ምልክት አጭር፣ ለብርቅዬው ረጅም ኮድ መስጠት እንደሚያዋጣም አስረዳ። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ ግን የእኛ ሆሄ ተዘወተረም አልተዘወተረ ሦስት ባይት ይወስዳል። «ሰላም» ዘጠኝ ባይት ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አምስት። አንድ አጭር የሞባይል መልእክት በላቲን 160፣ በአማርኛ 70 ምልክት ብቻ መያዙም የዚሁ ዓይነት ሸክም ነው፤ ወጣቱ አማርኛን በላቲን መጻፍ የለመደበት አንዱ ምክንያት ይመስለኛል። ይሁንና ወቀሳውን በሠንጠረዡ ሠሪዎች ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። በሁለት ባይት የሚጻፈው ክልል እስከ 2047 ብቻ ነው፤ እዚያ ግሪክ፣ ሲሪሊክ፣ ዕብራይስጥና ዐረብ ቀድመው ሰፍረዋል።

አጥብቄ የምነቅፈው የጥብቀት ምልክትን መዘግየት ነው። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው፤ ይህን ልዩነት ገበታው ለዓመታት መመዝገብ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኒኮድ 4.1 ከሆሄው አናት የሚያርፉት ሁለት ነጥቦች ተጨመሩ፤ ይዘት፣ ደረትና ርክርክን የመሳሰሉ ዐሥር የዜማ ምልክቶችም ገቡ። እርማቱ ሥራውን በእኔ ግምት ከደህና ወደ ታላቅ አሻግሮታል። አሁን ዕዳው የኪቦርድ ሠሪዎችና የአርታዒዎች ነው፤ የልጆች ማንበቢያ መጻሕፍት ምልክቱን ቀድመው ሊጠቀሙበት ይገባል።