«ራእይ»፣ «እይታ»፣ «ራጅ»፤ ስለ ምስል ምርምር ሙያዎች አሰያየም

«ኮምፒውተር ቪዥን» የሚባለውን የምርምር ዘርፍ «የኮምፒውተር ራእይ» ብሎ መተርጐም አለ። በግእዝ «ርእየ» ማለት አየ ማለት ነውና ተርጓሚው ከሥሩ አልራቀም። ዳሩ ግን ቃሉ ወደ አማርኛ ሲዘልቅ ትርጉሙ ጠቧል፤ ዛሬ ራእይ የሚባለው ለነቢይ የሚገለጥ ምሥጢር፣ አለዚያም አንድ መሥሪያ ቤት እደርስበታለሁ የሚለው ግብ ነው። ለኮምፒውተር ግን የሚገለጥለት ነገር የለም፤ ሥራው ምስልን በቁጥር ተቀብሎ፣ ቀድሞ ከቀረቡለት ምስሎች በተማረው መጠን መለየት ነው።

ይህ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ተወልደው በዚሁ ዘርፍ በ2017 እ.ኤ.አ. ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙት ዶክተር ትምኒት ገብሩ፣ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከፊት ምስል ጾታን የሚለዩ ሦስት የንግድ ፕሮግራሞች ተፈትሸዋል። ስሕተቱ ጠይም በሆኑ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲደርስ፣ ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ከ0.8 በመቶ አላለፈም። ራእይ ይታመናል እንጂ አይፈተሽም፤ እይታ ግን ይፈተሻል። ስለዚህ «የኮምፒውተር እይታ» የሚለውን እንመርጣለን።

በሕክምናው በኩል ሕዝቡ ከተርጓሚው ቀድሟል። ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. ያገኘውን ጨረር ከጣሊያንኛ ወስዶ «ራጅ» አለው፤ ቀጥሎም በገዛ ግሦቹ «ራጅ ተነሣ»፣ «ራጅ አነበበ» አለ። ራስ ደጀን ካለበት ከበየዳ ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ጎንደር ለሕክምና የሚሄድ ገበሬ «ራጅ ተነሣሁ» ቢል አስተርጓሚ አያሻውም።

የምንተቸው ዋና ጉድለት ይህ የግሥ ሀብት መዘንጋቱ ነው። «የሕክምና ምስል ባለሙያ» የሚለው ስያሜ ሦስት ሙያዎችን ይደባልቃል፤ ይኸውም ምስሉን የሚያነሣውን፣ አንብቦ በሽታውን የሚወስነውን ሐኪም፣ ንባብን ለኮምፒውተር የሚያስተምረውን ተመራማሪ ነው። የበየዳ ተማሪ የትኛውን ሙያ እንደሚመርጥ በምን ያውቃል? በሽተኛውስ ፍርዱ የሐኪም ይሁን የፕሮግራም በምን ይለያል?

ስለዚህ «የሕክምና ምስል አንሺ»፣ «ምስል አንባቢ ሐኪም»፣ «የምስል ንባብ ተመራማሪ» ቢባሉ እንላለን። «አንሺ» ፎቶግራፍ አንሺን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ «የሕክምና» የሚለው ቅጽል ግን ብዥታውን ያስወግዳል። «ንባብ»ም ከመጽሐፍ ጋር እንዳይምታታ የሚሰጋ ቢኖር፣ በሆስፒታል ደጅ የሚነገረውን ያድምጥ፤ ራጅ ከተነበበ ቆይቷል። የስያሜ ሠሪ ተግባር አዲስ ቃል ማብዛት ሳይሆን፣ ሙያን ከሙያ፣ ተጠያቂን ከመሣሪያ መለየት ነው።