ሦስት ፊደል፣ ሙሉ ዐረፍተ ነገር

አበበ የሚለውን ስም ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ንባብ ከጀመርን ጀምሮ አብሮን ስላደገ፣ በየሰፈሩና በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አበበ ስለማይጠፋ፣ ስሙ ከአፋችን ይወጣል እንጂ ልብ አንለውም። እኔ ግን ከአበባ ስሞቻችን ሁሉ በአሠራሩ የሚያስደንቀኝ ይኸው ነው።

ጠጋ ብለን እንየው። አ፣ በ፣ በ። ሦስቱም ከግእዙ ረድፍ የተወሰዱ ናቸው፤ ካዕብ የለ፣ ሣልስ የለ። መካከለኛዋ በ ስትነገር ትጠብቃለች፤ በጽሑፍ ግን ጥብቀቷን የሚያሳይ ምልክት ስለሌለ አንባቢው ከራሱ አፍ ያመጣታል። አሁን የመጨረሻዋን በ የቀኝ እግሯን አስረዝመን ባ እናድርጋት፣ መካከለኛዋንም እናላላት፤ አበባ። በአንዲት እግር ርዝመትና በአንዲት ድምፅ መላላት የተነሣ ድርጊቱ ነገር ሆነ። አበባ በእጅ የሚያዝ፣ በማሰሮ የሚቀመጥ ነው። አበበ ግን አንድ የተፈጸመ ነገር ይናገራል፤ ማን እንዳበበና መቼ እንደሆነም በውስጡ አለ። ሕፃኑ ገና አንገቱን ሳያጸና ወላጆቹ ኃላፊ ጊዜ ሰጥተው ነገሩ ተፈጸመ ብለውታል። ምኞት ቢሆን ኖሮ «ያብብ» ይሉት ነበር።

ሴት ስትሆን ች ብቻ ትጨመርና አበበች ይሆናል። ው ብንጨምርበት ደግሞ አበባው፣ ያ የሚታወቀው፣ የቤቱ አበባ። ከሁሉም የረቀቀ ስፌት የማየው ግን በአበባየሁ ላይ ነው። «አበባ አየሁ» ከሚል የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያው ቃል መጨረሻና የሁለተኛው መጀመሪያ ሲጋጠሙ አንደኛው በሌላው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ መጋጠሚያው በጣት ቢዳሰስ አይገኝም። ደግሞ አየሁ የሚለው ማነው? ልጁ አይደለም። አልጋዋ ላይ ያለችው እናት ናት፣ ወይም በር ላይ ቆሞ የሚጠባበቀው አባት። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ የሚጠራው በሌላ ሰው የደስታ ንግግር ነው፤ ገበያ መካከል «አበባየሁ!» ብሎ የሚጣራ የማያውቀው ሰው እንኳ የእናቱን ቃል ይደግማል።

ነገሩ በአማርኛ ብቻ አይቆምም። አበበ ቢቂላን እንውሰድ። ቢቂላ ኦሮምኛ ነው፤ መብቀልን የሚናገር፣ የእኛው «በቀለ» ወንድም። አባትየው በቀለ፣ ልጁ አበበ፤ ሁለት ቋንቋ ተባብሮ የአንድ ተክል ዕድገት በሁለት ትውልድ ጻፈ። ይህ ሰው ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። በማግሥቱ እንቁጣጣሽ ነበር፤ አደይ አበባ ሜዳውን የሚሞላበት ሰሞን። በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ እሱ ነው። ከሴቶቹ የመጀመሪያዋ ደግሞ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ ናት። ደራርቱ የሚለውም ስም በኦሮምኛ ከማበብ የመጣ ነው። ማንም አላቀደውም፤ ሁለቱም ግን በየቋንቋቸው «አበቡ»።

ስሞቻችን በእርሻ ቅደም ተከተል ቢደረደሩ ዘሪሁን፣ በቀለ፣ ለምለም፣ አበበ፣ እሸቱ፣ አዝመራው እያልን ከዘር እስከ መኸር እንደርሳለን። አንድ መምህር በክፍሉ ስም ሲጠራ ሳያውቀው ሙሉ ክረምት ከመኸር ጋር ሊያሳልፍ ይችላል።

የሌላው ዓለም እጅስ? እንግሊዞች ሮዝ፣ ሊሊ፣ ዴይዚ ሲሉ አበባውን ቆርጠው እንዳለ ያስቀምጡታል፤ ውበቱ አያጠራጥርም፣ ግን ግስ የለበትም። ጃፓኖች ጥበባቸውን ያኖሩት በአጻጻፉ ላይ ነው፤ ሳኩራ የተባሉ ሁለት ልጃገረዶች ስማቸው ሲጠራ አንድ ሆኖ ሲጻፍ ሊለያይ ይችላል፣ ወላጅ ፊደሉን መርጦ ፍቺውን ስለሚያዳብር። በዕብራይስጡ ሾሻና በኩል ወደ እኛ መጽሐፍ ቅዱስ የገባችው ሶስናም አበባ ናት። በየቤቱ ስንት ሶስና አበባ መሆኗን ሳታውቅ ትኖራለች!

የቤተ ክህነቱ ጽጌ፣ የግእዙ አበባ፣ ሌላ አሠራር ነው። ብዙ ጊዜ ብቻውን ከመቆም ይልቅ ሌላ ቃል ይደገፋል፤ ጽጌ ማርያም፣ ጽጌ ሥላሴ፣ ጽጌ ብርሃን። ማኅሌተ ጽጌን የደረሱት አባ ጽጌ ብርሃን ናቸው፤ ድርሰቱም ምድር በአበባ በምትሸፈንበት ወቅት፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ይዜማል። የደራሲው ስም፣ የድርሰቱ ስምና ወቅቱ ሦስቱም አንድ አበባ ናቸው። ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያምም ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም የውብዳር ሲሆን ጽጌ ማርያምን ያገኙት ሲመነኩሱ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉትም ዓለም ያወቃቸውም በዚሁ ነው። እውነቱን ለመናገር ጽጌ ክቡር ነው፣ ጨዋ ነው፤ እኔ ግን ከአበበ ጎን ሳቆመው ትንሽ ይደርቅብኛል። የተባረከ አበባ ነው፣ ነገር ግን ሲፈነዳ አላየነውም።

ውጭ አገር የምትኖሩ አበበዎች፣ አበበቾችና አበባየሁዎች፣ ፓስፖርታችሁ ላይ የመካከለኛዋን በ ጥብቀት የሚያሳይላችሁ የለም፤ የአበባየሁን ስፌትም የሚያይ የለም። የሥራ ባልደረባችሁ የስማችሁን ፍቺ ሲጠይቃችሁ «አበባ ማለት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ማን እንዳበበ፣ ማን እንዳየ፣ ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ንገሩት።