የሀገር ልጅነት በ«አዲስ ዓለም» መጽሐፍ

በበዓለ ኀምሳ መንፈስ ቅዱስ በወረደ ጊዜ የአሕዛብ ቋንቋ አልጠፋም፤ ሁሉም በየቋንቋው ሰማ እንጂ። ስለዚህ የሕዝቦች በየሀገሩ መኖር ያለ ዓላማ አይደለም። ነገር ግን የአንድ ሀገር ልጅ በምን ይታወቃል? በዘሩ ነውን? ወይስ በወጉ? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት «አዲስ ዓለም» የተባለው ልብ ወለድ የሚመረምረው ይህንኑ ነው።

የታሪኩ ባለቤት አወቀ የተጉለት ተወላጅ ነው። ፓሪስ ሄዶ ስምንት ዓመት ከተማረ በኋላ ወደ ሀገሩ ይመለሳል። አባቱ በሞተ ጊዜ ዘመዶቹ እንደ ወጉ ትልቅ የተዝካር ድግስ እንዲደግስ ያስጨንቁታል፤ እርሱ ግን ስለ ሟች ነፍስ የሚወጣው ገንዘብ ለድሃ እንጂ ለጠገበ ሰው መጠጥ አይገባም ብሎ ይከራከራል። ክርክሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የእንጀራና የጠላ ይመስላል፤ በውስጡ ግን የወገንነት ክርክር ነው። ለዘመዶቹ ወጉን ያልጠበቀ ሁሉ ባዕድ ነው፤ ለአወቀ ግን የወገኑን ጥፋት አይቶ ዝም የሚል እርሱ ባዕድ ነው።

የመጽሐፉ ትልቅ በጎነት አወቀን በባዕድ ሀገር አለማስቀረቱ ነው። ወቀሳው ከሩቅ የተወረወረ ድንጋይ አይደለም፤ ከአባቱ መቃብር አጠገብ የተነገረ ነው። መሻሻሉም ከውጭ እንዲመጣ አይጠበቅም፤ በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያን አባቶች በጉባኤ ተቀምጠው ይመክሩበታል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። የአወቀ ንግግር ብዙ ጊዜ ስብከት ይሆናል፤ የልቡ ጭንቀት ጎልቶ አይታይም። የዘመዶቹም ቃል ቀጭን ነው። ተዝካር ሰውን ዕዳ ውስጥ መክተቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚያው ማዕድ የተጣላው ይታረቃል፤ የራቀው ዘመድ ይቈጠራል፤ ብቸኛዋም መበለት ከወገን ጋር ትቀመጣለች። ይህን የሚናገር አንድ ብልህ ሽማግሌ በታሪኩ ቢገባ ኖሮ የአወቀ ክርክር ይበልጥ በከበደ ነበር። የሚያስተካክሉትን ወግ በፊት ማወቅ ይገባልና።

ያም ሆኖ የመጽሐፉ ንኡስ ርእስ ነገሩን ሁሉ ይጠቀልለዋል፤ አዲሱ ዓለም የቅኖችና የደግ አድራጊዎች መኖሪያ ተብሏል እንጂ የአንድ ዘር ርስት አልተባለም። ደራሲው በ1928 ዓ.ም. ጠላት ሀገሪቱን በወረረ ጊዜ ተሰደው፥ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በእንግሊዝ ሀገር በባዝ ከተማ ዐረፉ። ተምሮ ወደ ሀገሩ ስለ ተመለሰው ሰው የጻፉት ራሳቸው ሳይመለሱ ቀሩ። ሀገርን ያፈራረቁት እግሮች እንጂ ልባቸው አይደለምና፥ ባዕድ ናቸው የሚላቸው የለም።

ዛሬም ለተዝካር የሚበደር ሰው አልጠፋም። በማዕዱ ዙሪያ ስንት ሰው ተቀመጠ ከማለት ይልቅ ከደጅ ማን ቀረ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፥ «አዲስ ዓለም»ን በሚገባ አንብቦታል።