አንዱ ሰው በሁለት ሥዕል

ወደ ለንደን ከተማ ሄደው የተመለሱትን ወጣቶች «ናሽናል ጋለሪ የሚባለውን የሥዕል ቤት አያችሁትን?» ብዬ የጠየቅኋቸው እንደ ሆነ፥ «አዎን፥ በአንድ ሰዓት ጨረስነው» ይሉኛል። በዚያ ቤት የተሰበሰቡት ሥዕሎች ከ2,300 በላይ ናቸው፤ በአንድ ሰዓት የሚያልቁትም ለእግር እንጂ ለዓይን አይደለም። ነገር ግን እኔም በመጀመሪያው ቀን ያደረግሁት ይህንኑ ስለ ሆነ፥ ልጆቹን አፌን ሞልቼ ለመውቀስ አልችልም። ማታ ከማደሪያዬ ገብቼ ያየሁትን ለማስታወስ ብሞክር፥ የወርቅ ቅብ ክፈፎችና የእግሬ ሕመም ብቻ ቀርተውኝ ነበር።

በማግሥቱ ተመለስሁ፤ መግቢያው ያለ ገንዘብ ነውና። ይህ ቤት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1824 ዓ.ም. ሲቋቋም (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ጽፌአለሁ) መነሻው ከአንድ ባለጸጋ ስብስብ የተገዙ 38 ሥዕሎች ነበሩ። ኋላም በትራፋልጋር አደባባይ የተሠራለት፥ ባለጸጎቹ ከምዕራብ በሠረገላ፥ ድኾቹም ከምሥራቅ በእግራቸው እንዲደርሱበት ታስቦ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥዕሎቹ ከቦምብ እንዲድኑ በዌልስ አገር በተራራ ውስጥ ባለ የድንጋይ ማውጫ ዋሻ ተሸሽገው ሳሉ፥ ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ በየወሩ አንድ ሥዕል ብቻ ወደ ለንደን እየመጣ ይታይ ነበር። ሕዝቡም በፈረሰ ከተማ ውስጥ አልፎ ያንን አንዱን ለማየት ይመጣ ነበር። እኔም ይህን ባሰብሁ ጊዜ፥ በዚያ ቀን ከአንድ ሠዓሊ ሥራ በቀር ሌላ ላላይ ቆረጥሁ።

የመረጥሁት የሆላንዱን ሬምብራንትን ነው። የራሱን መልክ ደጋግሞ የሣለ ሰው ነው፤ ከእነዚያም ሁለቱ በዚሁ ቤት ይገኛሉ።

አንደኛውን የሣለው በ1640 ዓ.ም. በ34 ዓመቱ ነው። የከበረ ልብስ ለብሶ፥ ክንዱን በመደገፊያ ላይ አሳርፎ፥ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መለስ አድርጓል። አኳኋኑን የወሰደው ከእርሱ በፊት ከነበሩት ከኢጣልያ ታላላቅ ሠዓሊዎች፥ ከራፋኤልና ከቲሲያኖ ሥራ ነው፤ «እኔም ከእነርሱ አላንስም» ማለቱ ነው። እጁ የሠለጠነ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ይሁን እንጂ ሥዕሉ ከእኛ ምስጋና የሚጠብቅ ይመስለኛል፤ ፎቶግራፍ ቤት ገብቶ ክራቫቱን እንዳስተካከለ ጎረምሳ ነው። (ይህን ስጽፍ፥ ዲፕሎማዬን የተቀበልሁ ዕለት የተነሣሁት ፎቶግራፍ ከግድግዳው ላይ ሆኖ ያየኛል።)

ሁለተኛውን የሣለው በ1669 ዓ.ም. በ63 ዓመቱ፥ በሞተበት ዓመት ነው። በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ሚስቱ ሳስኪያ ሞታለች፤ በ1656 ዓ.ም. በዕዳ ምክንያት ከስሮ ንብረቱ ተሸጧል፤ ወንድ ልጁ ቲቱስም በ1668 ዓ.ም. ተቀብሯል። ጉንጩ ረግቧል፥ ግንባሩ ተጨማዷል፥ ልብሱም ከጨለማው ጋር ተቀላቅሏል። ብርሃኑ ሁሉ ያረፈው በፊቱ ላይ ነው። «ምስኪን ሽማግሌ» ብለው የሚያዝኑለት አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ልመና በዚያ ዓይን ውስጥ የለም። ሥዕሉ በራጅ ሲመረመር እንደ ታወቀው፥ ሬምብራንት መጀመሪያ እጆቹን ዘርግቶ ብሩሽ አስይዟቸው ነበር፤ ኋላ ግን አሳቡን ለውጦ አጣጠፋቸው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በል፦ በ34 ዓመቱ የሰው ክብር የተዋሰው ሰው በ63 ዓመቱ የገዛ ሙያውን ምልክት እንኳ ከእጁ አወጣ። ስለዚህ ሁለተኛው ከፊተኛው እጅግ ይበልጣል እላለሁ፤ ምንም እንኳ በሳሎኑ ሊሰቅለው የሚወድ ሰው ጥቂት ቢሆን።

እኔ ይህን ለማወቅ ዘግይቻለሁ። በተማርሁበት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ይታደሉን የነበሩት ባለ ቀለም ካርዶች ሁሉም ጉንጫቸው የሚያበራ ሰዎች ነበሩባቸው፤ ስለዚህ ሥዕል ማለት ቆንጆ ነገር ነው ብዬ አመንሁ፥ እንዲሁም አስተማርሁ። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ተማሪዬ አያቱን እንዝርት ይዛ ጥጥ ስትፈትል በእርሳስ ሥሎ አመጣልኝ። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ለክፍሉ አሳየሁና «ይህን ከምትሥል አበባ አትሥልም ኖሯል?» ብዬ አሳቅሁበት። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ የታዘዘውን አበባ እየሣለ ያመጣ ነበር፤ አያቱን ግን ዳግመኛ አላየኋትም።

በዚያ ቀን ከዕድሜ እኩያዬ ከሬምብራንት ፊት ተቀምጬ ሳለሁ ወጣቶች እየመጡ ሥዕሉን በእጅ ስልካቸው አንሥተው ያልፉ ነበር። እኔ የተጣጠፉትን እጆች እመለከት ነበር። የልጁም ሥራ የበረታው በአሮጊቷ እጆች ላይ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ክሩን የያዙት ጣቶች፥ ያበጡት አንጓዎች። በክፍሉ ውስጥ ያየሁት ግን ጥርስ የሌለውን አፏን ብቻ ነበር። የቤቱ ጠባቂ መጥቶ የመዝጊያው ሰዓት መድረሱን በትሕትና እስኪነግረኝ ድረስ ከዚያ አልተነሣሁም።