ጃንዩወሪን ይቅርታ ልጠይቅ

ጥር 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ፣ የአክስቴ ልጅ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ያለው ኮምፒውተር «ጥር 11» ይል ነበር። ኮምፒውተሩ የእሱ ነው፣ ያረጀ ዴስክቶፕ። የተጫነበት ሊነክስ ግን የኔ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ሆኜ ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ ማታ ማታ የሠራሁት ዲስትሮ፦ ስም አወጣሁለት፣ ሲከፈት የጉና ተራራ ፎቶ እንዲመጣ አደረግሁ፣ ወራቱን በሙሉ አማርኛ አደረግኋቸው። ከሁሉም የኮራሁት በወራቱ ነበር።

አጎቴ ማመልከቻ ሊያስጽፉ ገቡ። ቤተልሔም ድጓ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ቀን አይስቱም። ስክሪኑን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«አንተ፣ ታቦቱ ሲወጣ ሳንሰማ ነው እንዴ እዚህ የተቀመጥነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ነው...»

«ኮምፒውተሩማ ምን ያውቃል። ያስተማረው ነው እንጂ።»

ጥምቀት ገና ስምንት ቀን ይቀረው ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። በሊነክስ ውስጥ አንድ ቋንቋ ቀኑን፣ ገንዘቡንና ቁጥሩን እንዴት እንደሚጽፍ የሚናገር ፋይል አለ፤ ሎኬል ይባላል። የአማርኛውን ያዘጋጀው የግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን ነው። ከፍቼ ሳየው ወራቱ «ጃንዩወሪ፣ ፌብሩወሪ፣ ማርች» እያሉ ይቀጥላሉ። ሳቅሁ። ይሄ ደግሞ ምን አማርኛ ነው? አጠፋሁና «ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት» ብዬ ጻፍኩበት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። እንግዲህ የቀየርኩት ስሙን ብቻ ነው፤ አቆጣጠሩ እዚያው የፈረንጅ እንደሆነ ቀረ። ፋይሉ የሚቀበለው 12 የወር ስም ነው፣ ጳጉሜን ልጨምር ብል እንኳ የሚያስገባት ቦታ የለም። ያን «አስቀያሚ» ፋይል የጻፉት ሰዎች ይሄን ያውቁ ነበር። ጃንዩወሪ ጥር ስላልሆነ ጃንዩወሪ አሉት። አማርኛ ያልቻልኩት እኔ ነኝ።

ቀልድ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር። ግን ያ ኮምፒውተር ማመልከቻ ላይ ቀኑን ራሱ ነበር የሚያስገባው። ከስማዳ በኩል የመጣች አንዲት እናት ገና ያልደረሰ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይዛ ሄዳ ተመለሰች። የአክስቴ ልጅ በነጻ ደግሞ ጻፈላት፤ የመንገዱን ድካም ግን ማን ይመልስላታል።

ከዚያ በኋላ ነው ዲስትሮ የሚባለውን ነገር በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት። እኛ «የራሴን ዲስትሮ ሠራሁ» የምንል ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የምንሠራው ልብስ ነው። የሌላ ሰው ዲስትሮ ወስደን ቀለሙን፣ አይከኑንና ስሙን እንቀይራለን፣ ባንዲራ እንጨምራለን፣ ቴሌግራም ላይ እንለቃለን። ይሄ ነውር የለበትም፣ እኔም ብዙ የተማርኩት እንደዚያ ነው። ነገር ግን «የኢትዮጵያ» የሚል ስም ስንሰጠው ጥያቄው ይቀየራል። ሰው ቁጭ ብሎ ደብዳቤ ሊጽፍበት ነው። ፊደሉ ይገባል ወይ? ቀኑ ልክ ነው ወይ? ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራል ወይ? እኔ ዛሬ ዲስትሮ የምመዝነው በነዚህ ነው፣ የግድግዳውን ፎቶ አይቼ አይደለም።

ኡቡንቱን ለምሳሌ እንውሰድ። ጥቅምት 2004 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሙሉው አንድ ሲዲ ላይ ያርፍ ነበር፣ 700 ሜጋባይት አካባቢ። እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲዲውን በነጻ በፖስታ ይልኩ ነበር፤ ስሙንም ከአፍሪካ ነው የወሰዱት። የ24.04 መጫኛ ግን ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። ፓኬጅ እየገዛ ለሚጠቀም የነፋስ መውጫ ልጅ ይሄ ማለት በነጻ የሚሰጥ ነገር ግን የሚያወርዱበት ዋጋ ያለው ነው። ኡቡንቱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ጓደኛ ካለህ እስካሁን ለጀማሪ እሱን ነው የምለው፤ ማሽኑ ደከም ያለ ከሆነ ደግሞ ሚንትን።

የኔ ዲስትሮ መሠረቱ አርክ ነበር። አርክን ለምን መረጥኩ? እውነቱን ልናገር፤ ስለሚከብድ። «አርክ ነው የምጠቀመው» ማለት በኛ ሰፈር ማዕረግ ነው። አርክ ወራጅ ወንዝ ነው፣ ሁልጊዜ አዲስ ነገር ይፈስበታል፣ ሰርቨሮቹ ላይ የሚገኘው የየፓኬጁ የመጨረሻ ሥሪት ብቻ ነው። በየሳምንቱ አፕዴት ለሚያደርግ ሰው ደስ የሚል ነገር ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ግን በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ወንዙ ፈሰሰ፣ ኮምፒውተሩ ዳር ቆሞ ቀረ። ኢንተርኔት ሲመለስ የአክስቴ ልጅ አዲስ ለገዛው ፕሪንተር ሶፍትዌር ሊጭን ሞከረ፤ ማሽኑ የሚያውቀው ሥሪት ሰርቨሩ ላይ የለም። ዝርዝሩን ብቻ አድሶ ደግሞ ሲሞክር የፊርማ ቁልፎቹ አርጅተዋል። ከስልክ ላይ ያገኘውን ምክር ተከትሎ ያንን አልፎ ሲጭን ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆነና በማግሥቱ ዴስክቶፑ አልነሣ አለ። አርክን የሚያውቅ ሰው «ከፊል አፕዴት አይደረግም ተብሎ ተጽፏል» ይለኛል። አዎ፣ ተጽፏል። የተጻፈው ግን ፎቶ ኮፒ ቤት ለሚሠራ ልጅ አይደለም፣ ለኔ ነው። ለእሱ የመረጥኩለት እኔ ነኝ።

ዴቢያንን ስንቀው የኖርነው ያረጀ ነው እያልን ነው። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ አንዱን ሥሪት አውጥቶ ለዓመታት አይነካካውም፣ የደኅንነት ጥገና ብቻ ይጨምርበታል። አንድ ፍላሽ ላይ የዲቪዲውን ምስል ከያዝክ እሱን ራሱን እንደ ጎተራ ትጠቀምበታለህ፤ ኢንተርኔት ቢጠፋም ፓኬጅ ከዚያ ይወጣል። መጫኛውም አማርኛ አለው። በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። መስኮትና ማውዝ በሌለበት በጥቁሩ ስክሪን ላይ እንኳ ፊደላችን እንዲነበብ የተሠራ ፎንት አለው፣ ስሙ «ጎሃ»። ጥቁሩ ስክሪን በአንድ ጊዜ 512 ምልክት ብቻ ነው የሚይዘው፤ የላቲኑ ከሌሎች ጋር ተጨናንቆ በሚኖርበት ቦታ ሀሁን አምጥቶ ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሴናምርምር የሠራቸው የ«ዋሸራ» ፎንቶችም እዚያው በፓኬጅ አሉ። በቅኔ ቤት ስም! እነዚህን የሠሩት ሰዎች የራሳቸውን ዲስትሮ አላወጡም፣ ሎጎ የላቸውም፣ ማንም ቪዲዮ አልሠራላቸውም። ሥራቸው ግን በብዙ ዲስትሮ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፣ በኔም ውስጥ ጭምር። እኔ ሳላውቃቸው ስማቸውን ሸፍኜ የጉናን ፎቶ ለጠፍኩባቸው።

የጠፋም አለ። ኬዲኢ በ4ኛው ትውልዱ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ከነ13ኛ ወሯ ያውቅ ነበር። ወደ 5ኛው ሲሻገሩ ያ የአቆጣጠር ሥርዓት አብሮ አልተሻገረም። «የኢትዮጵያ ዲስትሮ» መሥራት የሚፈልግ ልጅ ካለ ሥራው ይሄውላችሁ። ሌላም ልጨምር፦ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ፋይሎች ሊብሬኦፊስ ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ኮተት ናቸው። ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ በቀን ሁለት ሦስቴ ይመጣሉ። የአክስቴ ልጅ ወደ ዊንዶውስ ልመለስ ያለኝ በዚህ ነው እንጂ በቀኑ አይደለም።

አጎቴ ድጓ ሲማሩ የራሳቸውን ድጓ በእጃቸው ገልብጠዋል። ይሄን ስሰማ «ሊነክስ ፍሮም ስክራች» የሚባለው መጽሐፍ ትዝ አለኝ፤ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ሊነክስን ከምንጩ አንድ በአንድ እያጠናቀረ እንዲሠራ የሚያስተምር። ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። የተማርኩት ግን ትእዛዝ መገልበጥ ነው፤ አንዷ መስመር ብትጎድል ለምን እንደጎደለች አላውቅም ነበር። ለአጎቴ ስነግራቸው «ማን አረመልህ?» አሉኝ። እሳቸው የገለበጡት በቃል ያጠኑትን ነው፣ የኔታ ፊት ቀርቦ ታርሟል። ምንጩ ያሬድ ነው፣ ቤቱ ግን ቤተልሔም አለ፣ ቆማ አለ፣ አጫብር አለ፣ ተጉለት አለ። ዲስትሮ ልትሉት ትችላላችሁ። ልዩነቱ፣ አንድ ቤት «ቤት» ለመባል ስም ማውጣት አይበቃውም፤ የሚያርም መምህርና የሚቀጥል ተማሪ ያስፈልገዋል። የኔ ዲስትሮ አንድ ተጠቃሚ ነበረው፣ አራሚ አልነበረውም።

መጋቢት 2017 ኮምፒውተሩ ባሕር ዳር መጣልኝ። ያመጡት አጎቴ ናቸው፣ ለሕክምና ሲመጡ። ዴቢያን ጫንኩበት፣ ሎኬሉን አልነካሁም፣ ማመልከቻው ላይ ቀን ራሱ እንዳያስገባ አጠፋሁት። የቪዥዋል ግዕዝን ፋይል ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ትንሽ ስክሪፕት ጀምሬያለሁ፤ የ«ኘ» እና የ«ቸ» ቤት ገና አልሆነልኝም። አጎቴ አጠገቤ ተቀምጠው ስክሪኑን ሲያዩ ቆዩ።

«ማርች ምንድን ነው?»

«የፈረንጅ ወር ነው፣ ጋሼ።»

«ኧኸ። እንግዲያው ልክ ነው» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ።