ያላለቀ ሥራ የት ይታይ?

የኪነ ጥበብ ጉዳይ በማኅበረሰባችን መካከል በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ዝግጅቱ መቼ ነው?» የሚል ነው። መልሱም የታወቀ ነው፤ ለሲግድ፣ ለትምህርት ቤት ምረቃ፣ ለማትናሱ ዓመታዊ በዓል። ሲግድ በ2008 በክኔሴት ሕግ ብሔራዊ በዓል ከሆነ ወዲህ እንዲህ ያለው መድረክ በርክቷል። ባለሥልጣኑ ንግግሩን ሲጨርስ ልጆቹ ጥልፍ ቀሚስና ነጠላ ለብሰው ይወጣሉ፤ ለአምስት ደቂቃ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ፤ ይጨበጨብላቸዋል፤ ይወርዳሉ። በዓሉን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ከዚያ በፊት ምንም አለመኖሩን ነው። ገና በግማሽ ያለ ግጥም፣ መጨረሻው ያልተገኘለት ቀልድ፣ እግሩ ያልተስተካከለ ውዝዋዜ በቂርያት መላኺ፣ በገዴራም ሆነ በያቭኔ የት ይታያል? ማንስ ያርመዋል?

ባደግንበት አገር ይህ ጥያቄ እንግዳ አልነበረም። ወጥ የምትሠራ እናት ገበታው ሳይቀርብ ከመረቁ በመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ጎረቤቷም ካለች ታቀምሳለች። አዝማሪም ማሲንቆውን ይዞ ጠጅ ቤት ሲገባ ያለቀ ዘፈን ይዞ አይገባም። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱም ያዜማል፤ ቤት ሳይመታ ሲቀር ይሳቃል፣ ሌላ ግጥም ይሰጣል፣ የወደቀው ስንኝም እዚያው ይረሳል። ያ ቤት የመጠጥ ቤት ብቻ አልነበረም፤ አድማጩ ራሱ ሥራውን አብሮ የሚሠራበት ነበር። በአዲስ አበባ ካዛንችስ ውስጥ የነበረውን የፈንድቃ አዝማሪ ቤት የሚያውቁ አንባብያን ይህን ይመሰክራሉ። መላኩ በላይ እዚያ በወጣትነቱ ሲጨፍር ኖሮ በኋላ ቤቱን ራሱ ተረከበው፤ ሠዓልያንና ባለቅኔዎችም ከአዝማሪው ጎን እንዲቀመጡ አደረገ። በ2024 ሰፈሩ ሲፈርስ ቤቱም ከቦታው ተነሣ። ቤት ሲፈርስ የሚፈርሰው ግድግዳ ብቻ እንዳልሆነ ለእኛ ለስደተኞች መንገር አያስፈልግም።

በዚህ አገር ለጉዳያችን የሚቀርበው ምሳሌ የሐይፋው ነው። ዶክተር ሩት ኤሽል በ1995 በሐይፋ ዩኒቨርሲቲ ከእኛ ተማሪዎች ጋር «እስክስታ» የተባለውን ቡድን መሠረተች። ከ2005 ጀምሮ ደግሞ በዚያው ከተማ በኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ማትናስ «ቤታ» የተባለው ቡድን ተተካ። ሥራዎቹን ያየ ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ። ትከሻው እንደ ሠርግ ቤት አይጣደፍም፤ አንዲት ትንሽ እንቅስቃሴ ተነጥላ ትወጣና ትዘገያለች፣ ከአንዱ ገላ ወደ ሌላው ትተላለፋለች። ይህ በአንድ ሳምንት ልምምድ የሚገኝ አይደለም። መሥራቿ ከማኅበረሰባችን ውጭ መሆኗ አንዳንዱን ቅር ያሰኝ ይሆናል፤ ያም ሆኖ ለወጣቶቹ የሰጠቻቸው ዋናው ነገር ስልት አልነበረም ብለን እናምናለን። ዋናው ክፍልና ጊዜ ነበር። ደጌ ፌደር ከተወዛዋዥነት ተነሥታ የራሷን ሥራ እስከ መድረስና «ቤታ»ን እስከ መምራት የደረሰችው በዚህ መንገድ ነው። የበዓል መድረክ ተወዛዋዥ ያወጣል፤ ደራሲ ግን ሲያወጣ አላየንም።

የዮሲ ቫሳ ነገር ከዚህ ይለያል። ከሻይ ቤን አታር ጋር የጻፈውና ብቻውን የተጫወተው፣ ርእሱ «በአማርኛ ሲሰማ ይሻላል» እንደ ማለት የሆነው ተውኔት፣ በሱዳን በኩል የተደረገውን የእግር ጉዞ በሳቅ እያዋዛ ብዙ መድረክ ዞሯል። ሁለቱ በኋላ የደረሱት «ነቭሱ» የተባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ በ2018 ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። በዚህ ኮርተናል። ይሁንና የተውኔቱን ርእስ ልብ ይሏል፤ በአማርኛ ይሻላል ይላል፣ የተጻፈው ግን በዕብራይስጥ ነው። ቀልዱ የተለካው በዕብራይስጥ ሰሚ ጆሮ ነው ማለት ነው። ደራሲውን አንወቅስም፤ ቲኬት የሚገዛው ሕዝብ በዚያ ቋንቋ ይስቃልና። ነገር ግን ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ወጣቶች ያንኑ መለኪያ ብቻ ካገኙ፣ አያታቸው የምትስቅበት ቀልድ ምን እንደሚመስል ሳያውቁ ያድጋሉ።

በኢየሩሳሌም ከ2010 ጀምሮ ሲካሄድ የቆየው የሁለገብ ፌስቲቫልም ብዙ አዲስ ሥራ አሳይቶናል። እሱም ቢሆን ያለቀ ሥራ የሚቀርብበት ነው፤ ከገዴራ የሸመገለች ሴት ደግሞ ለአንድ ምሽት ኢየሩሳሌም ድረስ አትሄድም።

ነገሩን በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ላይ የምናጠብቀው ለዚህ ነው። ከቂርያት መላኺ ገዴራን አልፎ እስከ ያቭኔ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በዚህ መንገድ ላይ የአማርኛም የትግርኛም ጆሮ ያላቸው፣ የጎንደሩን እስክስታ ከትግራዩ ክብ ጭፈራ የሚለዩ፣ የለቅሶን ዜማ ከሠርግ ዜማ የሚያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይኖራሉ። አንዲት ወጣት ሳታውቅ የሙሾ አወራረድን ለፍቅር ዘፈን ብታደርገው፣ ቴል አቪቭ ላይ «እንዴት ያምራል» ትባላለች። እዚህ ግን አንዲት እናት «ልጄ፣ ይኼማ የለቅሶ ነው፤ ማን ሞቶብሽ ነው?» ትላታለች። ወጣቷ ምናልባት ከዚያ በኋላ አውቃ ትተወው ይሆናል፤ ወይም አውቃ ታጸናው ይሆናል። ሁለቱም መልካም ነው። ጊዜው ግን እያጠረ ነው። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የሃምሳ ዓመት ሰው ሆኖ የመጣ ዛሬ ሰማንያን አልፏል፤ በሙሴ ዘመቻ የመጣውማ ከዚያም በላይ ነው።

አንድ ችግር አለ፤ ይሉኝታ። ሽማግሌዎቻችን ልጅ መድረክ ላይ ሲያዩ «እደግ! ተመንደግ!» ብለው መርቀው ይቀመጣሉ። ምርቃት እርማት አይደለም። ወጣቱም በበኩሉ በታላላቆቹ ፊት መሳሳት ያፍራል፤ ስለዚህ ደፋር ሐሳቡን ለጓደኞቹ ያስቀርና ለሽማግሌዎች ጨዋውን ያሳያል። በጃንዋሪ 2012 በቂርያት መላኺ አንዳንድ ነዋሪዎች ለእኛ ሰዎች ቤት ላለመሸጥ ተስማሙ ተብሎ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ነበር። በዚያ ሰፈር ያደገ ወጣት ይህን በመድረክ ሊያነሣ ቢፈልግ፣ ባለሥልጣን ፊት ባለው ወንበር በተቀመጠበት በዓል ላይ እንዴት ያነሣዋል? የበዓል መድረክ ምስጋና ይፈልጋል። ቁጣው ገና መልክ ሳይዝ፣ ምናልባትም ተሳስቶና ተጋኖ፣ መጀመሪያ የሚሰማበት ክፍል ያስፈልገዋል፤ ወላጆቹም እዚያ ተቀምጠው «እንዲህ አልነበረም» የሚሉበት።

የሚጠየቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። በወር አንድ ምሽት የማትናሱ አንድ ክፍል፣ ሃያ ወንበር፣ ቡና። ተራው አንድ ወር በቂርያት መላኺ፣ አንድ ወር በገዴራ፣ አንድ ወር በያቭኔ ይሁን። ልብስም፣ መብራትም፣ የተጻፈ ፕሮግራምም አይኑር። ሥራው ካለቀ በኋላ ከመጨብጨብ በፊት ሽማግሌዎቹ ይጠየቁ፤ «ወደዳችሁት?» ተብለው ሳይሆን «የቱ ጋ ጠፋባችሁ?» ተብለው። ይህን ጥያቄ በአማርኛም በትግርኛም በዕብራይስጥም ማስተላለፍ የሚችል አንድ ሰው መሐል ይቀመጥ፤ ብዙውን ጊዜ ከአያቶቹ ጋር የሚተረጉመው የአሥራ አራት ዓመቱ የልጅ ልጅ ይበቃል። ስልኮች ደግሞ በሩ አጠገብ ባለ መሶብ ውስጥ ይቀመጡ። ያላለቀ ስንኝ በማግስቱ በቲክቶክ ሲዞር ካየች፣ ያች ልጅ ወደዚያ ክፍል አትመለስም።